በጥቂት ደሴቶች ብቻ ስለሚገኝ እንሽላሊት

በሜዲተራኒያን ባሕር ውስጥ፥ ከእስጳንያ አገር በስተምሥራቅ፥ ባሌያር የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ከነዚህም ሁለቱ ማዮርካና ሜኖርካ ይባላሉ፤ በዙሪያቸው ደግሞ ሰው የማይኖርባቸው ብዙ ትናንሽ ደሴቶች ተበትነዋል። አስተማሪው ይህን አስቀድሞ በካርታ ላይ ቢያሳይ መልካም ነው፤ የነገሩ ምሥጢር ያለው በትልቁና በትንሹ ደሴት ልዩነት ላይ ነውና።

በነዚያ ትናንሽ ደሴቶችና ከማዮርካ በስተደቡብ ባሉት በካብሬራ ደሴቶች፥ በተፈጥሮው በሌላ ስፍራ የማይገኝ አንድ እንሽላሊት ይኖራል። ጉንተር የተባለው የእንስሳት ሊቅ በ1874 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጠባዩንና መልኩን ጽፎ፥ ሊልፎርድ በሚባል እንግሊዛዊ መኰንን ስም ጠራው። ርዝመቱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ከ8 ሳንቲሜትር ብዙ አያልፍም። መልኩ እንደየደሴቱ ይለያያል፤ አረንጓዴ አለ፥ ቡናማ አለ፤ በሜኖርካ አጠገብ በምትገኘው በአይሬ ደሴት ያለው ግን ጥቁር ነው። ይህም የሆነው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ባሕሩ ከፍ ብሎ ደሴቶቹን ስለ ለያያቸው፥ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ሲዋለድ በመኖሩ ነው።

ታዲያ በታላላቆቹ ደሴቶች ስለ ምን አይገኝም? ቀድሞስ ነበረ፤ አጥንቱ በዋሻዎቻቸው ውስጥ ተገኝቷል። ዳሩ ግን ሰው በመርከብ ሲመጣ ድመት፥ እንደ ሙጭልጭላ ያለ ቀጭን ሥጋ በል አውሬና እባብ አብረውት ገቡ። እንሽላሊቱ ከነዚህ መሸሽን አልለመደምና ከዛሬ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ከማዮርካና ከሜኖርካ ፈጽሞ ጠፋ። አውሬዎቹ ባልደረሱበት ቋጥኝ ላይ ያለው ብቻ ተረፈ።

በትንሽ ደሴት ላይ ምግብ ጥቂት ስለ ሆነ እንሽላሊቱ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ጉንዳንና ጢንዚዛ ይለቅማል፥ የአበባም ወለላ ይልሳል። ወለላውን ሲልስ የአበባው ብናኝ በአፉ ላይ እየተጣበቀ ወደ ሌላው አበባ ይሻገራል፤ ስለዚህ የንብን ሥራ ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በአይሬ ደሴት የታየው ነው። በዚያ እንደ በከተ ሥጋ የሚሸት ትልቅ አበባ ይበቅላል፤ ሽታው ዝንብን ይጠራል፥ አበባውም ራሱን በራሱ ያሞቃል። እንሽላሊቱ በብርድ ጧት በላዩ ወጥቶ ይሞቃል፥ የመጡትንም ዝንቦች ይይዛል። በኋላም ፍሬውን መብላት ለመደ፤ በሆዱ አልፎ የወጣው ዘር ካልተበላው ይልቅ በደንብ እንደሚበቅል የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ፔሬዝ ሜያዶና ጓደኞቹ መርምረው አረጋገጡ። ተክሉም በደሴቲቱ ላይ እጅግ በዛ።

የዚህ ተቃራኒ በሜኖርካ ይታያል። ፍሬው ቀይ የሆነ፥ ዳፍኔ የሚባል ቍጥቋጦ በዚያች አገር ብቻ ይበቅላል። እንሽላሊቱ ባለበት በኮሎም ደሴት ችግኙ ብዙ ነው፤ እንሽላሊቱ በጠፋበት በሜኖርካ የባሕር ዳር ግን አሮጌው ቍጥቋጦ ቆሞ ሳለ ተተኪ ችግኝ እምብዛም አይታይም። ዘሩን የሚወስድለት የለምና ፍሬው ከእናቱ ሥር ይወድቃል።

የካብሬራ ደሴቶች በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሆነው ተከለሉ። ይሁን እንጂ አደጋው ያለፈ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በጎረቤት በኢቢሳ ደሴት የዚህ እንሽላሊት የቅርብ ዘመድ አለ። ለአትክልት ቦታ ጌጥ ተብለው ከየብስ የተጫኑ ያረጁ የወይራ ዛፎች በግንዳቸው ቀዳዳ እባብ ይዘው ገቡ፤ እባቡም በ2003 በኢቢሳ ታየ። ከዚያ ወዲህ እባቡ በተስፋፋበት ስፍራ ሁሉ እንሽላሊቱ እየጠፋ ሄደ። እባቡ ዋና ያውቃል፤ በባሕር ላይ ሲዋኝ፥ በአጠገብ ወዳሉት ትናንሽ ደሴቶችም ሲደርስ ታይቷል። ስለዚህ የደሴቶቹ ጠባቂዎች በየቦታው ወጥመድ እያኖሩ እባቡን ይይዛሉ።