ለገበር አትሰስቺ

ቆይ እስቲ፣ መቀሱን አስቀምጪ። ገበሩን በላይኛው ጨርቅ ልክ ልትቆርጪው ነው አይደል? እንዲያ ከሆነ ኮቱ ወር ሳይለበስ ብብቱ ላይ ይተረተራል።

የላዩ ሱፍ ነው፤ ሰው እጁን ሲዘረጋ አብሮ ትንሽ ይሳባል። ገበሩ ግን ፖሊስተር ነው፣ ቢጎትቱት እሺ አይልም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ወይም ከመኪና ላይ ዕቃ ሲያወርድ ጀርባው ይሰፋል፤ ያኔ የሚበጠሰው የአንቺ ስፌት ነው። ስለዚህ ጀርባው መሀል ላይ፣ ከአንገት እስከ ታች፣ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ትርፍ ጨምሪና እጠፊው። እጥፋቱን አንገቱ ሥርና ወገቡ ላይ ትንሽ ትንሽ ያዝ አድርጊው፤ ሌላውን ልቀቂው፣ ይጫወት።

ብብቱ ሥር ደግሞ የእጅጌው ስፌት ትርፍ ወደ ላይ ቆሞ ይቀራል። ገበሩ እሱን ተሻግሮ ነው የሚወርደው፤ እዚያ ላይ 1 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገሽ ቁረጪ። ታችኛው ጫፍ ላይ ግን ከኮቱ 2 ሳንቲሜትር ያህል አጥሮ ይቅር፣ ሆኖም ሳይወጠር። ከኮት ሥር ብቅ ያለ ገበር አይቶ ዝም የሚል ሰው እብናት ውስጥ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የማን ነው ያልሽኝ? ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ? በይ እንግዲያ ይበልጥ አስቢበት። የእኛ አገር ሞቅ ያለ ነው፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ሆኖ ብርዱን ይለቅባታል። የደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13፣ የሚውለው በክረምቱ ነው፤ ልጁ ከዚያ በፊት ይፈልገዋል። ገበር የሚያሞቀው በውፍረቱ ብቻ አይምሰልሽ። በሁለቱ ጨርቆች መሀል የሚቀረው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው። አጥብበሽ ካጣበቅሽው አየሩ የለም፣ ሙቀቱም የለም።

ያን አቡጀዲ ደግሞ ለእጅጌ እንዳታስገቢው። አውቃለሁ፣ ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጥጥ ጨርቅ ለዚህ አገር ሰፊ ቅርብ ሆኗል፤ የቀድሞ ሰፊዎች ለኪስም ለገበርም አቡጀዲ ይመርጡ የነበረው ወደው ነው። ግን ጥጥ ከሸሚዝ ጋር ይያያዛል፤ ልጁ ኮቱን በለበሰ ቁጥር የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ተሰብስቦ ይወጣል። እጅጌው የሚያንሸራትት ይሁን፣ ኪሱ አቡጀዲ ይሁን። ኪስ ሳንቲምና ቁልፍ ይበላዋል፣ ሳቲን አይችለውም። አቡጀዲውን ከመቁረጥሽ በፊት ውኃ ውስጥ ነክረሽ አድርቂው፤ በመጀመሪያ እጥበት የሚሰበሰበው ካንቺ ዘንድ ይሰብሰብ። ለፖሊስተሩ ደግሞ ካውያውን አቀዝቅዢው፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፤ አንዴ ከቀለጠ ምንም አይመልሰውም። መርፌውንም ቀይሪ፣ 70 ወይም 80 ቁጥር ይሁን። ለጂንስ የገባው መርፌ ሳቲኑን ይሸረክተዋል።

ካባ ሲመጣልሽ ነገሩ ሌላ ነው። የሙሽራም ይሁን የካህን፣ ካባ ሰፋ ብሎ በክብ ስለሚቆረጥ ጨርቁ በአንዳንድ በኩል በሰያፍ ይወርዳል፣ በሰያፍ የወረደ ጨርቅ ደግሞ በራሱ ክብደት ይረዝማል። ላዩ ላይ ያለው ጥልፍ ሲጨመርበት ይብሳል። ላዩንና ገበሩን ለየብቻ አንጠልጥለሽ አሳድሪያቸው። ጠዋት አንዱ ጎን ረዝሞ ታገኚዋለሽ፤ ያኔ አስተካክለሽ ቆርጠሽ ትዘመዝሚያለሽ። ከዘመዘሙ በኋላ የረዘመ ካባ ሙሽራዋ ቆማ ፎቶ ስትነሳ ነው የሚታወቀው፣ ወቀሳው ደግሞ ለዓመታት ነው።

«እታለም፣ ደንበኛው እኮ ከውስጥ ያለው አይታይም፣ ርካሹን አድርጊ አለኝ» ትዪኛለሽ። ይበል። ጎተራውን ከውስጥ ሳይመርግ እህል የሚከት ገበሬ ካለ እሱም ልክ ነው። አንቺ ግን አትከራከሪው፤ ዋጋ ስትነግሪው የገበሩን ጨርቅ ለብቻ ጥሪለት፣ ሁለቱንም ዓይነት በእጁ ዳብሶ ይምረጥ። ርካሹን ከመረጠም ስፋቱን አትቀንሺበት። በጨርቁ ዓይነት ይቆጥብ እንጂ በልኩ አይቆጠብም፤ ሲተረተር ተመልሶ የሚመጣው ወዳንቺ ነው፣ ያን ጊዜ ርካሽ ብሎ ማዘዙን ማን ያስታውሳል።

ትምህርቱን ከፈለግሽ ደግሞ ሰልባጅ ተራ ነው ያለው። ቅርጹን ያልለቀቀ አሮጌ ኮት ግዢ፣ ቢቀደድም ግድ የለም። በምላጭ ቀስ ብለሽ ተርትሪው፤ ጀርባው ላይ ትርፉ የት እንደታጠፈ፣ የብብቱ ቅርጽ እንዴት እንደሆነ አይተሽ በወረቀት ላይ ገልብጪው። አንዳንድ ሰፊዎች ይህን እንደ ስርቆት ያዩታል። እኔ አላይም፤ ሙያው እንዲህ እየተላለፈ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው።

አሁን ሥራሽን ቀጥዪ። የግራውን እጅጌ ገበር ስትሰፊ መሀሉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዪ። ኮቱን በዚያ ገልብጠሽ ካወጣሽው በኋላ በእጅ ትዘጊዋለሽ። ነገ ኪሱ ቢቀደድ ወይም ትከሻው ቢላላ በዚያው ከፍተሽ ትገቢያለሽ እንጂ ሙሉውን አትፈቺም። ክሩን ግን ጥቁር አድርጊው፤ ነጩ ከበሩ ላይ ሆኜ እንኳ ይታየኛል።