ጠዋት በመኪና መውጣት፣ ከሰዓት በእግር መግባት

ሆሳዕና ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ በእግር ለመጓዝ የግድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሀዲያና የከምባታ ገጠር በአገራችን ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የከተማው ቆርቆሮ አጥር ካለቀበት እንሰት ይጀምራል፤ በእንሰቱ መሀል ደግሞ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስዱ የእግር መንገዶች አሉ። ከተማው በሰፋ ቁጥር ግን እየታጠሩ ነው፤ ዛሬ የሚያሳልፈው ነገ ላያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ሳይዘጉ እንሂድባቸው።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። በመስከረም የሀዲያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ ሲከበሩ አገሩ ለዓይን ያምራል፤ ቀዩ አፈር ግን ገና አልጠጠረም፤ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል፣ ጫማ ላይ እየተለጠፈም እግር ያከብዳል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ስንዴው እስኪታጨድ ድረስ ከማሳው ዳር አትውጡ፤ ሰው ያለፈበት የሚመስል ቀጭን መስመር ብታዩም በመሀል አታቋርጡ።

2. ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይሄን ነው፦ መኪናውን ለጠዋት፣ እግራችሁን ለመመለሻ አድርጉ። ብዙ ሰው ከቤቱ በእግር ይነሳና ደክሞ በቆመበት ቦታ መኪና ይጠብቃል። ሲመሽ ሚኒባስ ይሳሳል፣ የመጣውም ሞልቶ ያልፋል። በተቃራኒው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ሄዳችሁ በፎንቆ፣ በሞርሲቶ ወይም በጃጁራ በኩል የሚሄድ መኪና ያዙ። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትርቁ እንዲያወርዳችሁ ለረዳቱ ቀድማችሁ ንገሩት። ከወረዳችሁ በኋላ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ቤት ያቀርባችኋል። ሰዓት የሚያስቸኩል የመጨረሻ መኪና የለም፤ ብትደክሙም ከተማው እየቀረበ ሲሄድ ባጃጅ አይጠፋም።

ወደ ሻሾጎና ቦዮ ሐይቅ አቅጣጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አትውጡ። አገሩ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ይበረታል፤ ወደ ሆሳዕና የሚመልሰውም መንገድ ዳገት ነው። ቦዮ ለወፍ ተመልካች ድንቅ ረግረግ ስለሆነ ራሱን የቻለ ሌላ ቀን ይገባዋል።

3. ሰዓቱን አስሉ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ቀላል ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በሜዳ የሚፈጀውን ጊዜ ያዙና ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ጨምሩ። እሱ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብሎ ነበር፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው አካባቢያችን ለጀማሪ 4 ይበቃል። 16 ኪሎ ሜትር ከሆነ 4 ሰዓት፣ የ300 ሜትር ዳገት ግማሽ ሰዓት፣ ለዕረፍትና ለቡና አንድ ሰዓት ተኩል፤ በድምሩ 6 ሰዓት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የጀመረ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ነው። ቢዘገይ እንኳ ብርሃን ይተርፈዋል።

4. ጫማችሁ የተለማመዳችሁት ይሁን፤ አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አይገዛም። ወፍራም ካልሲ አድርጉ፤ መለወጫም ያዙ። በነጠላ ጫማ አትሂዱ፤ ከእንቅፋቱና ከእሾሁ ሌላ፣ በከፍተኛ ቦታ ያለው ቀይ አፈር ለዓመታት ባዶ እግር ሲነካው የእግር ዝሆኔ የሚባለውን እብጠት እንደሚያመጣ በሕክምና ይታወቃል። በሽታው የሀዲያን፣ የከምባታንና የወላይታን ገበሬ ብዙ አሰቃይቷል። አንድ ቀን በመጓዝ አይመጣም፤ ማታ እግርን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ግን ከልጅነት ሊለመድ የሚገባው ነገር ነው።

5. ስንቅ። ቆጮ በጎመን ወይም በአይብ የሚስተካከለው የለም፤ አይፈርስም፣ ሆድ ይይዛል። ቆሎና ሙዝ ጨምሩ። አታካናውን ለማታ አቆዩት፤ ቅቤና ቡላ በልቶ ዳገት መውጣት ከባድ ነው። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ከወንዝ የምትቀዱ ከሆነ ውኃ አጋር ጨምሩበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ባርኔጣ አትርሱ፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስላል።

6. መንገድ ስትጠይቁ ርቀት አትጠይቁ። ሰው እንግዳ እንዳይሰለች ብሎ «ቅርብ ነው» ይላል። ጭነት ይዘው ገበያ የሚመላለሱ እናቶችን «እማማ፣ በዚህ ሆሳዕና ያስገባል? እርስዎ በስንት ሰዓት ይደርሳሉ?» በሏቸው። እነሱ ከነሸክማቸው የሚሉት ሰዓት ለናንተም ይሠራል። ሆሳዕና ገበያ የሚውልበትን ቀን አጣርታችሁ በዚያ ቀን ብትወጡ ደግሞ መንገዱን መጠየቅም አያስፈልግም፤ ሰዉን መከተል ነው።

7. በሰው ደጅ ማለፍ። መንገዱ ብዙ ጊዜ በቤትና በቤት መካከል ሾልኮ ይሄዳል። አጥሩ ጋ ቆማችሁ «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩ፤ ውሻው ቢጮህም ሰው እስኪወጣ ከቦታችሁ አትነቃነቁ። በጓሮ እንሰት የሚፋቅበት ቀን ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ፋቂዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የእንሰቱን ልጥ ባዘነበለው ጣውላ ላይ በአንድ እግሯ ደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትስባለች፤ ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ጉልበት የሚጠይቅ፣ ለዘመናት የተካኑበት ሙያ ነው። ሰላምታ ሳትሰጡና ሳታስፈቅዱ ስልክ አታውጡ። ቡና ጠጡ ከተባላችሁ ግቡ፤ አንድ ሰዓት ተኩሉን የያዝነው ለዚህም ነው።

8. ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ችግር ከሄዳችሁ የአምባሪቾ ተራራ ይጠብቃችኋል። መነሻችሁ ዱራሜ ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የተራራው ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በኔይስሚዝ ስሌት ዳገቱ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ይጨምራል። የታወቀው 777 ደረጃ ለመውጣት ያግዛል፣ ግን ትንፋሽ ይቆርጣል፤ በየሃምሳው ደረጃ ቆም በሉ። ሌሊቱን ዱራሜ አድራችሁ ማልዳችሁ ተነሱ፣ በትር፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዙ። እስከ 6 ሰዓት ጫፉ ላይ ካልደረሳችሁ ካላችሁበት ተመለሱ። ስትወርዱ ጉልበት ላይ ስለሚከብድ በትራችሁን ከእግራችሁ አንድ ደረጃ አስቀድማችሁ ትከሉ።