«ኤክስፒዳይትድ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ትርጕምና አገባብ

ከውጭ አገር በሚመጡ የንግድ ደብዳቤዎችና የማጓጓዣ ዋጋ ዝርዝሮች ላይ «ኤክስፒዳይትድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ዘወትር ይገኛል። ብዙ ነጋድያን «ፈጣን» ብለው ተርጕመውት ያልፋሉ፤ በዚህም የተነሣ በከንቱ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት አይደለም።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ «ፔስ»፣ ይኸውም እግር ነው፤ የጥንት ፍቺውም እግርን ከማሰሪያ ማላቀቅ ማለት ነበር። ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይመላለስ ለነበረው ለቀድሞው የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ይህን ማስረዳት ባላስቸገረም ነበር። በሰፈር እግሯ ታስሮ ያደረች በቅሎ ጧት ስትፈታ ትራመዳለች፤ ሌላ በቅሎ ግን አትሆንም።

ስለዚህ የቃሉ ትክክለኛ አቻ «ፈጣን» ሳይሆን «የተፋጠነ» ነው። «ፈጣን» የነገሩን ጠባይ ይናገራል፤ «የተፋጠነ» ግን አንድ ሥራ ከተለመደው ይልቅ እንዲቀላጠፍ መደረጉን ይገልጻል። ፈጣን ፈረስ ይባላል፤ የተፋጠነ ፈረስ አይባልም፤ የተፋጠነ ፍርድ ግን ይባላል። በእንግሊዝኛውም ቅጽሉ የሚገባው ለማጓጓዝ፣ ለጉምሩክ ሥራና ይህን ለመሰለ አገልግሎት ነው። «አስቸኳይ» ማለትም አይስማማውም፤ መቸኰል የባለጕዳዩ፣ ማፋጠን የሠሪው ነውና።

«ከተለመደው ይልቅ» የሚለው ሐረግ ነጋዴውን ሊያሳስበው ይገባል። ወትሮ በ30 ቀን ይደርስ የነበረ ዕቃ በ25 ቀን ቢደርስ ቃሉ አልዋሸም። አንድ የጎንደር ባለሱቅ የመኪና መለዋወጫ በዚህ ሒሳብ ቢያዝዝ፣ የከፈለው ጭማሪ እስከ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ የሚያገለግል ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር የበለጠ መንገድ በቀድሞው አካሄድ ይቀራል። ጭማሪው የትኛውን እግር እንደሚፈታ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ሰሊጥ ወደ ውጭ ለሚልከው ነጋዴ ደግሞ ነገሩ ይበረታል። ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ያወጣው፣ ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ቍጥር 600 ደንብ፣ በአንቀጽ 3 «ባፋጣኝ»፣ «ወዲያውኑ»፣ «በተቻለ ፍጥነት» የሚሉትንና እነዚህን የመሰሉ ቃላት፣ በሰነድ ላይ እንዲሰፍሩ ካልተጠየቀ በቀር፣ እንዳልተጻፉ ይቈጥራቸዋል። ስለዚህ ገዥው የተፋጠነ ጭነት ሲጠይቅ፣ ላኪው የመጨረሻው የመጫኛ ቀን በግልጽ እንዲጻፍ ማድረግ አለበት፤ ያውም በፈረንጆች አቈጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ፤ በአኃዝ ብቻ የሰፈረውን ቀን እንግሊዛዊው ቀኑን፣ አሜሪካዊው ወሩን አስቀድሞ ያነበዋልና።