ውቅያኖስ የሚሻገር ጀልባ በምን ይታወቃል?

የእርሻ በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ገበሬ የቀንዱን ማማርና የቆዳውን ማብረቅረቅ ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ቀንበር መልመድ አለመልመዱንም ይጠይቃል። የሞተር ጀልባም እንደዚሁ ነው። ቀለሙ ስለ ነጣ፣ መስተዋቱ ስላንጸባረቀ፣ ወንበሩ ስለ ተመቸ ብቻ ውቅያኖስ ይሻገራል ማለት አይደለም።

በውጭ አገር ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ለመዝናኛና ለጉዞ የሚገዙት፣ መኝታና ማድቤት ያለው ጀልባ አለ። ያት ይባላል። በሸራ፣ ማለትም በነፋስ ኀይል የሚሄድ ያት አለ፤ በሞተር ብቻ የሚሄድም አለ። እኛ አሁን የምንነጋገረው በሞተር ስለሚሄደው ነው። ከእነዚህ ጀልባዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ከባሕር ዳር ሳይርቁ ጧት ወጥቶ ማታ ለመግባት ነው። ውቅያኖስ ግን ሌላ ነገር ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ትይዩ ካሉት ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ ባርቤዶስ ከምትባለው ደሴት ለመድረስ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በቀጥታው መንገድ ላይ ማደያ የለም፤ ጋራዥም የለም።

ሸራ ያለው ሰው ነዳጅ ቢያልቅበት ነፋስ ይጠብቃል። በሞተር ብቻ የሚሄድ ሰው ግን ነዳጁ ካለቀ ባሕር ላይ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሊትር ይይዛል? ስንት ሊትርስ ይበላል?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ሰዎች የተማሩት በመከራ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ዊልያም ኒውማን የተባለ ሰው ከ16 ዓመት ልጁ ጋር ሆኖ፣ 12 ሜትር እንኳ በማትሞላ የሞተር ጀልባ፣ ከኒውዮርክ ተነሥቶ እንግሊዝ አገር ገባ። 36 ቀን ፈጀባቸው። የጀልባዋ ስም አቢኤል አቦት ሎ ሲሆን ሞተሯ የሚሠራው በላምባ ነበር። ታዲያ ማዕበሉ ሲያናውጣት የላምባው ማጠራቀሚያ ማፍሰስ ጀመረ። አባትና ልጅ በዚያ ሽታ ውስጥ እየበሉና እየተኙ ነው የተሻገሩት። ነዳጅ መያዝ ብቻ ሳይሆን የያዘው ዕቃ መጥበቁም መታየት አለበት ማለት ነው።

አሁን እርሳስና ወረቀት ይዘን እናስላ። አንድ ጀልባ 4,000 ሊትር ናፍጣ ይይዛል እንበል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 8 ሊትር ይበላል እንበል። 4,000ን ለ8 ብናካፍል 500 ሰዓት ይሆናል። 500ን በ12 ብናባዛ 6,000 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። መንገዱ 5,000 ነው፤ እንግዲህ ይበቃል የሚል ሰው ይኖራል። አይበቃም። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ጀልባው ይዘገያል፤ ማዕበል ሲያንገላታው ብዙ ይበላል፤ ከማጠራቀሚያው ሥር ያለው ዝቃጭም ለሞተር አይሆንም። ብልህ መርከበኛ ቢያንስ ከአምስት አንዱን እጅ እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ እኛ ለዘር ያስቀመጥነውን እህል ወደ ወፍጮ እንደማንሰደው ሁሉ። ስለዚህ የሚቀረው 3,200 ሊትር ነው። ይህ ለ400 ሰዓት፣ ማለትም ለ4,800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 200 ኪሎ ሜትር ጎደለ!

ታዲያ ምን ይደረግ? ፍጥነት መቀነስ ነው። ውኃን እየከፈለ የሚሄድ ጀልባ ፍጥነቱን ጥቂት ሲጨምር የሚበላው ናፍጣ እጅግ ይጨምራል። በግምት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በሰዓት የሚበላው ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ሲዘገይ ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ያ ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ 5 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። 3,200 ለ5 ሲካፈል 640 ሰዓት፤ በ10 ሲባዛ 6,400 ኪሎ ሜትር ነው። በ17 ቀን ፈንታ 21 ቀን ሊፈጅበት ነው፤ የአራት ቀን ስንቅና የመጠጥ ውኃ ይጨመርለት እንጂ ይደርሳል።

ሮበርት ቢቢ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኀይል መኮንን ይህንን በተግባር አሳይቷል። ፓሴጅሜከር የተባለች 15 ሜትር ያህል የምትረዝም ጀልባ አሠርቶ በ1963 እ.ኤ.አ. ከሲንጋፖር ተነሣ። የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ፣ በቀይ ባሕር በኩል አልፎ፣ ግሪክ ገባ። በ1975 ደግሞ ያወቀውን በመጽሐፍ ጻፈ። ጀልባዋ ፈጣን አልነበረችም። እንዲያውም የሰውየው ትምህርት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ሩቅ የሚደርሰው የማይቸኩለው ጀልባ ነው።

ከነዳጅ ቀጥሎ የሚታየው የጀልባው ሆድ ነው። አንዳንዱ ጀልባ ፍጥነት ሲጨምር ከውኃው ብድግ ብሎ ላይ ላዩን እየተንሸራተተ ይሮጣል። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ብድግ እንዲል ቀላል መሆን አለበት፤ 4,000 ሊትር ናፍጣ ደግሞ ከ30 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ያን ጭነው አይነሣም፤ ካልጫነም አይደርስም። ለውቅያኖስ የሚሆነው ሆዱ ጥልቅ የሆነ፣ ውኃውን ከፍሎ የሚሄድ ነው።

ክብደቱ የት ነው ያለው? አህያ ስንጭን ጭነቱ ወደ ላይ ከተቆለለ በመጀመሪያው ቁልቁለት ይገለበጣል። ጀልባም ሞተሩ፣ ናፍጣውና ውኃው ከታች መሆን አለባቸው። ብዙ ጊዜም ማመዛዘኛ የሚሆን እርሳስ ወይም ብረት ከሥሩ ይደረግለታል። ከላይ ሁለትና ሦስት ፎቅ የተሠራበት፣ በዚያ ላይ ትንሽ ጀልባ የተጫነበት ያት ለወደብ እንጂ ለማዕበል አይሆንም። ይህ ነገር ለኛም ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ጠረፍ ወደ የመን ሲሻገሩ ሰው ከልክ በላይ የታጨቀባቸው ጀልባዎች እየተገለበጡ ከወገኖቻችን ብዙዎች አልቀዋል።

መስኮቱም ይመርመር። ርዝመቱ፣ ጎኑና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ የባሕር ውኃ ከ10 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ያን የሚያህል ማዕበል ሰፊና ስስ መስተዋት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። መስተዋቱ ወፍራም፣ መስኮቱ ትንሽ፣ የውጭ መዝጊያም ያለው ሊሆን ይገባል። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ውኃ ቶሎ የሚወጣበት ቀዳዳም ያስፈልጋል።

የማይገለበጥ ጀልባም ቢሆን ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ሰው ያደክማል። ስለዚህ ከዓሣ አጥማጆች የተወሰደ አንድ ዘዴ አለ። በግራና በቀኝ ረጅም ምሰሶ ይዘረጋል፤ ከየምሰሶው ጫፍ በገመድ ክንፍ ያለው ከባድ ብረት ውኃ ውስጥ ይወርዳል። ጀልባው ሊያዘነብል ሲል ብረቱ ይይዘዋል። ቢቢም በዚህ ተጠቅሟል።

ስለ ሞተሩ ብዙ አንልም። በናፍጣ የሚሠራ፣ ሰው በዙሪያው ቁጭ ብሎ ሊጠግነው የሚችል መሆን አለበት። ሁሉን የሚያቆመው ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን ቆሻሻ ነው። በሰልባትዮው ሥር ለዓመታት የተኛው ዝቃጭ በማዕበል ሲናጥ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ሰልባትዮው ተከፍቶ መጠረግ አለበት፤ መለዋወጫ ፊልትሮ፣ ቺንጋና ፓምፕም ይጫን።

ሻጩ ምናልባት ወረቀት ያሳየናል። በአውሮፓ ጀልባዎች በአራት ደረጃ ተከፍለዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ከ4 ሜትር በላይ የሆነ ማዕበልን ለመቋቋም የተሠራ ማለት ነው። ጥሩ ወረቀት ነው፤ መናቅ የለበትም። ሆኖም ስለ ጥንካሬና ስለ አለመገልበጥ እንጂ ናፍጣው የት ድረስ እንደሚያደርስ አይናገርም። ይህን ደረጃ ይዞ ሩብ መንገድ እንኳ የማይደርስ ፈጣን ያት አለ።

ስለዚህ ጀልባው ሙሉ ናፍጣና ሙሉ ስንቅ ተጭኖ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ወደ ባሕር ይውጣ። በየፍጥነቱ በሰዓት ስንት ሊትር እንደበላ በደብተር ይጻፍ። የሻጩ አፍ አይበቃም።

በጉዞው ላይም ደብተሩ አይዘጋም። በየቀኑ የተበላው ሊትርና የተሄደው መንገድ ይጻፋል፤ የቀረውም ይሰላል። ያ ጀልባችን በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሄደ አምስት ቀን ቢጓዝ 960 ሊትር ይበላል፤ 3,560 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። በዚያ ቀን ወደ 10 ቢቀንስ በቀረው 2,240 ሊትር 4,480 ኪሎ ሜትር ይሄዳልና ይደርሳል። እስከ 15ኛው ቀን ሳያሰላ ቢቆይ ግን 680 ኪሎ ሜትር እየቀረው በእጁ ያለው 320 ሊትር ነው። ያኔ ቢቀንስም 640 ብቻ ይሄዳል፤ ለመጨረሻዋ 40 ኪሎ ሜትር እንዳይነካ ያለውን ናፍጣ መክፈት ይጀምራል።