ስለ እንግዶች ወፎች

ከእንጦጦ ተራራ ወደ ደቡብ የሚወርደው ውሃ በቀበና በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ወደ ሰሜን ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው ግን በሙገር በኩል ከዓባይ ይገባል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ረግረግ ይሆናል። መስከረም ጠብቶ ዝናሙ ሲያባራ፥ በዚህ ረግረግና በየካ ወንዞች ዳር በክረምት ያልነበሩ ወፎች ይታያሉ። አንዲቱ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለ ሲሆን፥ እየበረረች ዝንብ ትለቅማለች። ሁለተኛዪቱ ሆዷ ብጫ ነው፤ በከብት እግር አጠገብ ጅራቷን እየነቀነቀች ትሄዳለች። መጋቢትና ሚያዝያ ሲሆን ሁለቱም ከአገር ይወጣሉ።

ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የተገኘ ሰው «የመስቀል ወፍ» ይባላል። ነገር ግን በብዙ ስፍራ የመስቀል ወፍ የሚባሉት ወፎች ከአገር አይወጡም። ወንዱ በሚራባበት ወራት ጥቁርና ብጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ላባ ይለብሳል፤ ወራቱ ሲያልፍ ያን ጥሎ እንደ ሴቲቱ ድንቢጥ ይመስላል። ስለዚህ ለሰው የሄደ ይመስለዋል እንጂ ወፉ በዚያው በደጁ ነው። እውነተኞቹ መንገደኞች ከላይ የተነገሩት ናቸው።

ሽመላ የመምጫዋን ጊዜ እንደምታውቅ በትንቢተ ኤርምያስ ተጽፏል። በአውሮጳ ግን ወፎች በብርድ ወራት ወዴት እንደሚሄዱ ብዙ ዘመን በትክክል አልታወቀም ነበር። የግሪኩ ሊቅ አርስጣጣሊስ እንኳ አንዳንዶቹ በጕድጓድ ተደብቀው ይከርማሉ ብሎ ነበር። በ1814 ዓ.ም. በጀርመን አገር አንዲት ሽመላ ተገደለች፤ በአንገቷም ከአፍሪካ የተወረወረ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ ወፎቹ ወደ አፍሪካ እንደሚወርዱ ግልጽ ሆነ። ኋላም በ1891 ዓ.ም. ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ አስተማሪ፥ ቍጥርና አድራሻ የተጻፈበትን ቀላል የአሉሚንየም ቀለበት በወፎች እግር ማሰር ጀመረ። በዚህ ጥበብ የብዙ ወፎች መንገድ ታወቀ።

ወፎቹ የሚመጡበት ምክንያት ምግብ ነው። በአውሮጳና በሰሜን እስያ ብርድ ሲጸና ትንኝና ዝንብ ይጠፋሉ፤ ከክረምት በኋላ ግን በእኛ አገር ሣሩ ለምልሞ ተባዩ ይበዛል። ጅራቷ እንደ መቀስ የሆነችው ወፍ ክብደቷ 20 ግራም ያህል ነው፤ ይህም የአንድ ዶሮ ዕንቍላል እኩሌታ እንኳ አይሞላም። እርሷ ግን በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር አቋርጣ ትመጣለች።

ከእስያ ሜዳዎች የሚመጡ ንስሮችም አሉ። ንስር ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፈው ከሞቀ ምድር በሚነሣ አየር ነው። በሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኝ፥ ቀይ ባሕር ወደ ጠበበበት ወደ ባብ ኤል መንደብ ይሰበሰባል፤ በዚያ ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ በጅቡቲ በኩል ሲሻገሩ የተቈጠሩት ንስሮችና ሌሎች አዳኝ ወፎች ከ240,000 ይበልጡ ነበር። ከነዚህም መንገደኞች አንዳንዶቹ በእንጦጦ ሰማይ ሲዞሩ ይታያሉ።

የወፍ መንገድ እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ከተሰበረ ሌላው አይጠቅምም። ረግረጉ ቢደርቅ ወይም ቆሻሻ ቢጣልበት፥ እንግዳው ለመመለሻው ስንቅ አያገኝም። በየካ ወንዝ ዳር ከወንጭፍ የወጣ አንድ ድንጋይ በሩቅ አገር አንድ ጎጆ ባዶ ያስቀራል። ያች ወፍ ሰብልን አትነካም፤ ሰውንና ከብትን የሚያስቸግረውን ትንኝና ዝንብ ትበላለች እንጂ።

ስለዚህ ወፍ ሊመለከት የሚወድ ተማሪ ወንጭፉን በቤቱ ይተው፤ ማለዳ ይነሣ፤ ከውሃው ርቆ ዝም ብሎ ይቁም። ያየበትን ቀንና ስፍራ፥ የወፏን መልክና ብዛት በደብተሩ ይጻፍ። በየዓመቱ እንዲህ ቢያደርግ፥ ስንቶቹ እንደ ተመለሱና ስንቶቹ እንደ ቀሩ ራሱ ያውቃል።

ጥያቄ፦
፩ኛ. የመስቀል ወፍ ከአገር የሄደ የሚመስለው ስለ ምን ነው?
፪ኛ. ንስሮች በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚሻገሩት ስለ ምን ነው?
፫ኛ. በመንደራችሁ በመስከረም መጥተው በሚያዝያ የሚሄዱት ወፎች የትኞቹ ናቸው?