የመእሪብ ጨው፣ የጤፍ ዱቄትና የዶርሙ ፍላሽ



በግቢያችን የጤፍ ፓተንት ወሬ ሲነሳ የማይቆጣ ተማሪ የለም። «አያቶቻችን ያቆዩልንን እህል ባዕድ መጥቶ በስሙ አስመዘገበው» ይባላል። ቁጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ በሚባልበት በዚያው ዶርም ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የሲኒየሮች የመመረቂያ ጽሑፍም ሽፋኑ ተቀይሮ ድጋሚ ይገባል። ሱረቱል ሙጠፊፊን የምታስጠነቅቀው ለራሱ ሲሆን ሞልቶ የሚያሰፍረውን፣ ለሌላው ሲሆን የሚያጎድለውን ሰው ነው። ስፍሩ የእህል ብቻ ነው ብለን አናምንም።

በቅድሚያ ግን አንድ የፊቅህ ጥያቄ አለ። በእጅ የማይዳሰስ ሐሳብ የሰው ንብረት ይሆናል ወይ? የቀደሙት የሐነፊ ዑለሞች ንብረት (ማል) የሚሉት በአብዛኛው የሚያዝና የሚከማች ነገርን ነው። የሌሎቹ መዝሀቦች ዑለሞች ደግሞ የአንድ ነገር ጥቅም (መንፈዓ) ራሱ ማል ነው ይላሉ። ልዩነቱ እስከ ዘመናችን ዘልቆ አባትና ልጅን ሳይቀር አለያይቷል፤ የፓኪስታኑ ታላቅ ዓሊም ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ የመጽሐፍ ኅትመት መብትን ሲቃወሙ፣ ልጃቸው ሙፍቲ ተቂ ዑስማኒ ግን የተመዘገበ መብት ዋጋ ያለው ሐቅ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው አምስተኛ ጉባኤ የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ ድርሰትና ፈጠራ በዘመኑ ልማድ (ዑርፍ) የገንዘብ ዋጋ ያላቸው የባለቤታቸው ሐቆች መሆናቸውንና እነሱን መዳፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። ዛሬ አብዛኛው ዓሊም የሚሄደው በዚህ ነው።

ሐቅ ከሆነ ታዲያ ድንበሩ የት ድረስ ነው? እኛ ይበልጥ የሚያስተምረን ሆኖ ያገኘነው የመሬት ፊቅህ ነው። ማንም ያልያዘውን ሙት መሬት ያቀና ሰው ባለቤት እንደሚሆን በሐዲስ ተምረናል። ላቡ ነው ባለቤት ያደረገው። ነገር ግን በሱነን ኪታቦች የተዘገበ ሌላ ታሪክ አለ። አብየድ ኢብኑ ሐማል (ረ.ዐ) በየመን መእሪብ የሚገኘውን የጨው ቦታ እንዲሰጣቸው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። ከዚያ በስፍራው የነበረ ሰው ጨዉ ሳይቋረጥ እንደሚፈስ ውሃ መሆኑን፣ ማለትም ሰው ሁሉ ያለ ድካም ሄዶ የሚያፍሰው መሆኑን ሲያስረዳ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታውን መልሰው ወሰዱ። ሁሉም የሚደርስበትን ነገር ለአንድ ሰው ማጠር አልተፈቀደም ማለት ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የቢላል ኢብኑል ሓሪስ ነው (ሙአዚኑ ቢላል አል-ሐበሺ አይደሉም፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል ነው)። ዐቂቅ የሚባለው ሰፊ መሬት ተሰጥቷቸው ሳለ ሁሉንም ማልማት ስላልቻሉ፣ ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን የቻሉትን ያህል አስቀርተውላቸው ሌላውን ለሙስሊሞች አከፋፈሉት። ከዑመር በተዘገበው መሠረት መሬት አጥሮ ያስቀመጠ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ሐቅ የለውም።

የፓተንት ሕግን ስንማር እነዚህኑ ሦስት ነገሮች በሌላ ቋንቋ እናገኛቸዋለን። ፈጠራው አዲስ መሆን አለበት፤ ለሙያው ሰው በግልጽ የሚታይ መሆን የለበትም፤ ለኢንዱስትሪ መዋል አለበት። ዘመኑም የተገደበ ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት የሚጸናው ለ15 ዓመት ነው፤ ተጨማሪ 5 ዓመት የሚፈቀደው ባለቤቱ ፈጠራው ኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉን ሲያስረዳ ነው። አጥሮ ለተቀመጠ አይጨመርም! በፓሪስ ስምምነት ደግሞ ፓተንቱን ሥራ ላይ ሳያውል የተቀመጠ ባለቤት፣ ማመልከቻው ከገባ አራት ወይም ፓተንቱ ከተሰጠ ሦስት ዓመት (የዘገየው ተይዞ) ሲያልፍ መንግሥት ለሌላ ሰው የግዴታ ፈቃድ ሊሰጥበት ይችላል። የሦስት ዓመቱ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ጤፍ እንመለስ። ብዙ ሰው «ጤፍ ተሸጠ» ይላል፤ ሰነዱን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 አመለከተ፤ በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ። የተጠየቀው መብት በዘሩ ላይ ሳይሆን በዱቄቱ ላይ ነበር። «ፎሊንግ ነምበር» የሚባል ልኬት አለ፤ ዱቄት በውሃ ተሞቆ ሲወፍር ስታርቹ በኢንዛይም ምን ያህል እንደሚፈርስ በሰከንድ የሚለካበት ነው። ኩባንያው እህሉ ሲፈጭ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄትን ነው የኔ ያለው። ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ደግሞ እህሉን ከአጨዳ በኋላ አቆይቶ መፍጨት ነው። ጤፍ በጎተራ ከርሞ እንደሚፈጭ የማያውቅ ገበሬ በአገራችን ይኖራል?

ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከውሉ የጠበቀችውን ጥቅም አላገኘችም። ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጠለ። በመጨረሻ ይኸው ኩባንያ ሌላውን «ፓተንቴን ጣስክ» ብሎ ሲከስ፣ የዘ ሄግ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2018 ፓተንቱ የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። የመእሪብ ጨው ማለት ይህ ነው። የሚያሳዝነው ክርክሩ በሁለት የአውሮፓ ኩባንያዎች መካከል መሆኑ ነው፤ የጤፍ አገር በችሎቱ ተከራካሪ አልነበረችም። ከ2003 እስከ 2018 አሥራ አምስት ዓመት ነው።

ለኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከዚህ የሚወጣው ቀዳሚ ነገር ማንበብ ይመስለናል። ፓተንት መቆለፊያ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ የተወሰነ ዘመን የሚሰጠው ዕውቀቱን ሳይደብቅ፣ የሙያው ሰው ሊሠራው በሚችል መልኩ ጽፎ በማውጣቱ ነው። ዕውቀትን መደበቅ በሐዲስ ምን ያህል እንደተወገዘ ለምናውቅ ይህ ውል ሊገርመን አይገባም። ሰነዶቹ በኢስፓስኔትና በጉግል ፓተንትስ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ዘመኑ ያለፈበት ፓተንት ለሁሉም ሙባሕ ነው። ፕላስቲክ እያቀለጠ የሚደርበውን የሦስት ዳይሜንሽን ማተሚያ ያስመዘገቡት ስኮት ክረምፕ እ.ኤ.አ. በ1989 አመለከቱ፤ ፓተንቱ በ2009 አበቃ፤ ርካሽ ማተሚያዎች ገበያውን የሞሉት ከዚያ በኋላ ነው። ፓተንት አገራዊ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ አሜሪካ ተመዝግቦ እዚህ ያልተመዘገበ ፓተንት እዚህ አገር ሕጋዊ ኃይል የለውም። እንዲህ ያለውን እዚሁ ሠርቶ መጠቀም የማንንም ሐቅ መንካት አይመስለንም። ይህ የኛ ግንዛቤ ነው፤ ፈትዋ የሚጠየቀው ዑለሞች ዘንድ ነው።

ሶፍትዌሩ ግን ከዚህ ይለያል። «የካፊር ኩባንያ ነው፣ ሀብታም ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ምክንያት ሸሪዓ ፊት አይቆምም፤ ቃል ኪዳን ያለው ሰው ገንዘብ እምነቱ ምንም ይሁን ምን የተጠበቀ ነው። ችግራችን የገንዘብ መሆኑ አይካድም፤ ለአንድ ተማሪ የሙሉ ፈቃዱ ዋጋ የማይታሰብ ነው። ደግነቱ መውጫ አለ። በማትላብ ፈንታ ኦክቴቭ፣ ለሰርኪዩት ኪካድ፣ ለንድፍ ፍሪካድ በነፃ ይገኛሉ፤ ብዙ ኩባንያዎችም ለተማሪ ነፃ ፈቃድ ይሰጣሉ። ኦክቴቭ ላይ የማይሮጥ የማትላብ ኮድ ያጋጥማል፤ ለአብዛኛው የኮርስ ሥራ ግን ይበቃል።

በመጨረሻ የአምስተኛ ዓመት ወንድሞችና እህቶች ልብ የሚሉት ጉዳይ አለ። ፕሮጀክታችሁ አዲስ ነገር ካለው፣ በኤግዚቢሽን ከማሳየታችሁና ቴሌግራም ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አመልክቱ፤ በአውሮፓ ሕግ ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ የገለጠው ነገር እንኳ አዲስነቱን ያጣል። ፓተንት የማይደርስ ትንሽ ማሻሻያም ቢሆን በዚያው አዋጅ «አነስተኛ ፈጠራ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሥራው የቡድን ከሆነ ደግሞ ማን ምን እንደሠራ፣ የአማካሪው ድርሻ ምን እንደሆነ፣ ገንዘብ ቢገኝ እንዴት እንደሚከፋፈል ርዕሱ በጸደቀበት ሳምንት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የቁርኣን ረጅሟ አያ የምታዘው ዕዳን መጻፍ ነው፤ ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አትተዉት።

ወሏሁ አዕለም።