ታንኳችንን እንዴት እንያዝ?

በጣና ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ታንኳ እግሩ ናት። እንጨቱን፣ እህሉን፣ ቤተሰቡንም ያሻግርባታል። እኛ ለማስተማር ስንመጣ ከደንገል የተሠራች ታንኳ እንዴት እንደማትሰምጥ ይደንቀን ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር ይይዛል። ታንኳዋን የሚያንሳፍፋት ይኸው አየር ነው።

ታዲያ ደንገል ውሃ ውስጥ ሲቆይ አየሩ ይወጣል፤ በምትኩ ውሃ ይገባል። ታንኳዋ ትከብዳለች፤ ዝቅ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሲመታት ሰው ይዛ ትሰምጣለች። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናስታውስ።

1. ማድረቅ፦ ሥራ ስናበቃ ታንኳዋን ከውሃ እናውጣት። ውሃው እንዲንጠፈጠፍ አቁመን እናስደግፋት፤ ፀሐይና ነፋስ ያግኛት። «ነገ ጧት እሄድባታለሁ» ብሎ ውሃ ላይ አስሮ ማሳደር ዕድሜዋን ማሳጠር ነው።

2. ማስቀመጥ፦ እርጥብ መሬት ላይ አናጋድማት፤ ትበሰብሳለች። ከሥሯ ድንጋይ ወይም እንጨት እናድርግ። ከብትም እንዳይረግጣት እንጠብቅ።

3. መጠገን፦ ገመዱን በየጊዜው እንይ። የላላውን እናጥብቅ፤ የተበጠሰውን እንለውጥ። አንዱ ማሰሪያ ሲፈታ ሌላውም ይላላልና ዛሬ ነገ አንበል። የበሰበሰውን ደንገል አውጥተን በደረቅ እንተካ።

ከመጫናችን በፊት ባዶዋን ውሃ ላይ እንያት። ባዶዋን ዝቅ ካለች ሰው አንጫንባት። ያረጀች ታንኳ በአዲስ ትተካለች፤ የሰው ነፍስ ግን አትተካም።

ጥያቄ

ሀ. ታንኳን የሚያንሳፍፋት ምንድን ነው?
ለ. የእናንተ ታንኳ ትናንት ማታ የት አደረች?